የደረት ውጋትና ነጭ ሽንኩርት፦ የቤት መድኃኒቱ እስከ የት ያደርሳል?

የሆጤ ነዋሪ (ጥያቄ አቅራቢ)

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዕድሜያቸው ስልሳን የተሻገረ አጎቴ ደሴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ከፒያሳ ወደ ሰፈራችን የሚያመጣውን ዳገት ሲወጡ ደረታቸውን መሐሉ ላይ ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ ግራ ክንዳቸውም እስከ ክርናቸው ይዝላል። ማለዳ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ይብስባቸዋል። ቤት እንደ ደረሱ ጋደም ይላሉ፤ እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ በማር ለውሳ ታጎርሳቸዋለች፤ ብዙም ሳይቆይ ይተዋቸዋል። ቤተሰቡ ይህን አይቶ መድኃኒቱ ተገኝቷል በማለት ሐኪም ቤት የመሄዱን ነገር ትቶታል። እኔ ግን አላመንኩበትም። ነጭ ሽንኩርት በእርግጥ የልብን ሕመም ያስታግሣል? የሚረዳ ከሆነስ በምን መጠን ነው? አጎቴ ወደፊት የሐኪም መድኃኒት ቢጀምሩ ሁለቱ አይጋጩም? በልምድም በትምህርትም የምታውቁ እንድትመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እማማ ከሰኞ ገበያ

ልጄ፣ የእናትህ እጅ ይባረክ። በእኛ ቤት ውጋት የያዘው ሰው ሲገኝ ቀድሞ የሚነሣው ሙቀጫ ነበር። የሐበሻው ነጭ ሽንኩርት ፍሬው ትንሽ፣ ልጣጩም አስቸጋሪ ቢሆንም ሲወቀጥ ዓይን የሚያስለቅስ ኃይል ስላለው ከትልልቁ የውጭ ዘር ይልቅ ይመረጣል። ሁለት ሦስት ፍሬ ይላጥና ልሞ ውሃው እስኪወጣ ድረስ ይወቀጣል፤ ከዚያም የጤና አዳም ቅጠል ጣል ተደርጎበት በማር ይለወሳል። ፌጦ ያለው ፌጦውን ፈጭቶ በሎሚ ይጠጣል፤ ጥቁር አዝሙድ ያለውም ከማሩ ጋር ይቀላቅላል። የተወቀጠውን በጨርቅ ቋጥረው ደረት ላይ የሚያስሩም አሉ።

ይህ ሁሉ ለጉንፋንና ለብርድ ሲበጅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዳገት ላይ የሚይዘውን፣ ክንድ የሚያዝለውን ግን እናቴም ሌላ ነገር ነው እያለች ወደ ሐኪም ታሰድድ ነበር እንጂ በሙቀጫዋ አትመካም ነበር።

ሲስተር ከኮምቦልቻ

እማማ፣ የዘረዘሩት ብዙዎቻችን ያደግንበት ልማድ ነው፤ የእናትዎ ጥንቃቄ ደግሞ እኛ ዛሬ በትምህርት የምንለውን የሚደግፍ ነው። ለጥያቄ አቅራቢው ሳላለባብስ ልመልስ። የጻፉት ምልክት ሐኪሞች አንጃይና የሚሉት የልብ ሕመም መልክ አለው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሄበርደን እ.ኤ.አ. በ1768 ይህን ሕመም ለባልደረቦቹ ሲገልጽ፣ ሰው በእግሩ ሲሄድ፣ ይልቁንም ሽቅብ ሲወጣና ምግብ ከበላ በኋላ የሚይዘው፣ ቆም ሲል ግን ወዲያው የሚለቀው ነው ብሎ ነበር። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላም ከዚህ የተሻለ መግለጫ ማግኘት ያስቸግራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የልብን ጡንቻ ራሱን የሚመግቡ የደም ሥሮች አሉ። ግድግዳቸው ውስጥ ስብ እየተጠራቀመ ሲጠብቡ፣ ሰውየው ተቀምጦ ሳለ የሚያልፈው ደም ሊበቃው ይችላል፤ ዳገት ሲወጣ ግን ልቡ በፍጥነት ስለሚመታ የሚያስፈልገው ደም ይጨምራል፣ በጠበበው ሥር ደግሞ ያን ያህል ደም አያልፍም። የጡንቻው ኦክስጅን ማጣት ነው ደረትን የሚጨመድደው። ብርድም የደም ሥሮችን ስለሚያኮማትርና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ሕመሙን ይቀሰቅሳል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ብርድና ዳገት የማያጡባት ከተማ ናት፤ በዚህ ምክንያት የልብ ሕመም የያዘው ሰው ሁሉ ብርድ መቶኝ ነው ብሎ ቢያምን አይደንቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልግባ። አንጃይና ሰውየው ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይተዋል። አጎትዎ ቤት ደርሰው ጋደም ሲሉ የልባቸው ምት ይቀንሳል፣ የደም ፍላጎቱም ይወርዳል፣ ሕመሙም በዚያው ይለቃቸዋል። እናትዎ ሽንኩርቱን ልጠው፣ ወቅጠውና በማር ለውሰው እስኪያጎርሱ ድረስ ዕረፍቱ ሥራውን እየጨረሰ ነው። የተዋጠው ነገር ከሆድ ወደ ደም ገብቶ የጠበበ የደም ሥር ለመክፈት የሚበቃ ጊዜ አላገኘም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ዕረፍቱ ላመጣው ፋታ ሽንኩርቱ ሲመሰገን ቤተሰቡ ተማምኖ ይቀመጣል፣ የደም ሥሩ ግን እየጠበበ ይሄዳል።

ሕመሙ ተቀምጠውም ከመጣ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ከቀዝቃዛ ላብ፣ ከማቅለሽለሽ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከሆነ፣ ወይም ቀድሞ ከለመዱት በከፋና በተደጋገመ መልክ ከመጣ፣ የደም ሥሩ በረጋ ደም እየተዘጋ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ሴቶች፣ አረጋውያንና የስኳር ሕሙማን ጨምዳጅ የደረት ሕመም ላይሰማቸው ይችላል፤ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ድንገተኛ ድካም ወይም የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሆኖ ሊመጣባቸው ስለሚችል ጨጓራ ነው ተብሎ ይታለፋል።

ደረት ላይ ስለ ማሰርም አንድ ነገር ልጨምር። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ታስሮ ለሰዓታት ቆዳ ላይ ሲቆይ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስል ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ለልብ አንዳችም ጥቅም ስለሌለው ይቅር።

የቦርከና ልጅ

የሲስተርን ማብራሪያ አከብራለሁ፤ ነገር ግን ልማዱን ከዕረፍት ጋር ብቻ አያይዞ ማሳነስ ትክክል አይመስለኝም። ነጭ ሽንኩርት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተጻፈው፣ ኢበርስ ፓፒረስ በሚባለው የግብፅ የሕክምና ጥቅል ውስጥ ከመድኃኒቶች ተራ ተቆጥሯል። ግሪካዊው ዲዮስቆሪዶስም የደም ሥሮችን ያጠራል ብሎ ጽፎለታል። ደግሞስ ዛሬ ሐኪሞች የሚያዝዙት የልብ መድኃኒት ሁሉ ከፋብሪካ የተገኘ ነውን? እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ዲጂታሊስ የተባለውን ተክል ለሰውነት እብጠት እንዴት እንደሚሰጥ ያሳተመው የአንዲት ባለ ሥራይ አሮጊትን የቤት ቅመም መርምሮ ነው። አስፕሪንም ቢሆን መነሻው የአኻያ ዛፍ ልጣጭ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅን የእናቶቻችንን ሙቀጫ ወደ ጎን መግፋት የለብንም።

ፋርማሲስት በደሴ

ወንድሜ የቦርከና ልጅ ያነሡት ታሪክ ትክክል ነው፤ የዊዘሪንግ ታሪክ ግን ወደ ሌላም ነጥብ ይመራል። በቅመሙ ውስጥ ከነበሩት ብዙ ዕፆች የሚሠራውን አንዱን ለየ፤ ከዚያም ለዓመታት በሕሙማን ላይ እየተከታተለ ምን ያህሉ እንደሚረዳ፣ ምን ያህሉ እንደሚመርዝ መዘገበ። ዲጂታሊስ መድኃኒት የሆነው መጠኑ ስለታወቀ ነው። ነጭ ሽንኩርትም በዚሁ መንገድ ተመርምሯል፤ የተገኘውን ላካፍላችሁ።

ያልተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። በውስጡ አሊን የተባለ ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የተባለ ኤንዛይም በተለያየ ክፍል ይቀመጣሉ። ሲወቀጥ ሁለቱ ይገናኙና አሊሲን ይፈጠራል፤ ያ ዓይን የሚያስለቅስ ኃይል ከዚህ የሚመጣ ነው። አሊሲንን ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1944 ለይተው አወጡት። ኤንዛይሙ በሙቀት ስለሚጠፋ፣ ሳይወቀጥ በቀጥታ የፈላ ዘይት ውስጥ የገባ ሽንኩርት ይህን ኃይሉን በአብዛኛው ያጣል። ወጥ ሠሪዎች ወቅጠው ወይም ከትፈው 10 ደቂቃ ያህል ካቆዩት በኋላ ወደ ድስቱ ቢጨምሩት የተወሰነው ይተርፋል። ይህ ለእናቶቻችን ሙቀጫ ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ነጭ ሽንኩርትን መውቀጥ ቅመሙን ከማላም ዐልፎ መድኃኒቱን የሚፈጥር ሥራ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት ደግሞ የሰው ቀይ የደም ሕዋሳት ከነጭ ሽንኩርት የሚገኙትን የድኝ ውሁዶች ወደ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ እንደሚለውጧቸው፣ ይህም ጋዝ የደም ሥሮችን እንደሚያላላ አሳይቷል። በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ተደምረው ሲታዩ፣ የደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሳምንታት በየቀኑ የተወሰደ የነጭ ሽንኩርት ዝግጅት የላይኛውን ግፊት በአማካይ 8 ነጥብ ገደማ ዝቅ አድርጎ ተገኝቷል። ይህ ቀላል የሚባል አይደለም። በሌላ በኩል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያው በ2007 ባሳተሙት ጥናት 192 ሰዎች ከፊሎቹ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ከፊሎቹ የሽንኩርት ክኒን፣ ከፊሎቹ ደግሞ ባዶ ክኒን ለስድስት ወራት እንዲወስዱ አድርገው መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል ሲለኩ በቡድኖቹ መካከል የሚያስቆጥር ልዩነት አላገኙም።

ታዲያ ነጭ ሽንኩርት በየቀኑ በምግብ ውስጥ ሲገባ ለረዥም ጊዜ ሊጠቅም የሚችል ጥሩ ምግብ ነው፤ ሕመሙ በያዘበት ሰዓት የሚያስታግሥ መድኃኒት ግን አይደለም። መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ባዘጋጀው ሰነድ ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2 እስከ 5 ግራም ትኩስ ነጭ ሽንኩርት ይጠቅሳል። ይህ ከመካከለኛው ዘር አንድ ፍሬ፣ ከሐበሻው ጥቃቅን ዘር ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ያህል ቢሆን ነው፤ እማማ ከጻፉት ብዙም አይርቅም። በባዶ ሆድ ጥሬውን አብዝቶ መዋጥ ግን ጉሮሮንና ጨጓራን ያቃጥላል፤ የአሲድ መመለስ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ያ ቃጠሎ ራሱ ደረት ላይ ስለሚሰማ ሕመሙ የልብ ይሁን የጨጓራ መለየቱን ያከብደዋል።

የቦርከና ልጅ

በጥሞና ስላብራሩልኝ አመሰግናለሁ። ለዕለት ምግብና ለያዘበት ሰዓት ያደረጉት ልዩነት ያሳምናል።

የጢጣ እናት

እኔ የምጽፈው በጎረቤታችን ላይ ስለ ደረሰው ነው። ሌሊት ደረታቸውን ይዟቸው ሲያልባቸው ቤተሰቡ ነጭ ሽንኩርት በማር ሰጣቸው፣ ጥቂት ቆይቶ ዝንጅብል አፈላላቸው፣ ቀጥሎም ዳማከሴ ጨምቆ አጠጣቸው። እያንዳንዱ ሲሰጥ ትንሽ እንጠብቅ ይባላል። ጎህ ሲቀድ ባጃጅ ተጠርቶ ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ የልባቸው ጡንቻ አንድ ክፍል እንደ ሞተ ነገራቸው። ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን ከግቢያቸው በር እስከ መንገዱ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ሽንኩርቱ አልጎዳቸውም ይሆናል፤ ሌሊቱን ግን ወሰደባቸው። ቤተሰቡን ማንም እንዲወቅስ አልፈልግም፣ ሲንከባከቧቸው ነው ያደሩት። እንዲህ ባለ ሰዓት አንድ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንደሚገባው ሲስተር ቢጽፉልን ለብዙዎች ይጠቅማል።

ሲስተር ከኮምቦልቻ

እኅቴ፣ የጻፉት በሥራ ላይ ደጋግሜ የማየው ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟ ወይም የተዘጋውን ሥር የሚከፍት ሕክምና ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ ደም ማሟሟቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥቅሙ እጅግ ያንሳል። ደም ያጣ ጡንቻ ከሞተ አይመለስም።

ታማሚው ከጀርባው ተደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ልብሱ ላልቶለት ይቀመጥ። በእግሩ ወደ መኪና እንዲሄድ አይደረግ፤ ተይዞ ወይም በወንበር ይውጣ። አንድ ሰው መኪና ወይም አምቡላንስ ሲያፈላልግ ሌላው ለሆስፒታሉ ይደውል። አስፕሪን ቤት ውስጥ ካለ፣ ታማሚውም አለርጂ፣ የጨጓራ መድማት ወይም ሌላ የደም መፍሰስ ችግር ከሌለበት 300 ሚሊግራም ያህል አኝኮ ይዋጥ። የሚታኘክበት ምክንያት ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ነው። ከኮምቦልቻ ወይም ከገጠሩ ቀበሌ ወደ ደሴ ሪፈር ለሚባል ሰው ደግሞ የሐረጎን ዳገት ለመውጣት የሚያልፈው ጊዜ አስቀድሞ ከሂሳቡ ገብቶ መነሣት አለበት፤ እንዲነጋ መጠበቅ አይገባም። ሌላ የሚበላም ሆነ የሚጠጣ ነገር፣ ሽንኩርቱም ማሩም፣ በዚያ ሰዓት አይሰጥ።

የጓሮ አትክልት ወዳጅ

ለመሆኑ ቀይ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርትስ ከነጩ ጋር አንድ ዘር አይደሉም? ፌጦና ጥቁር አዝሙድስ?

ፋርማሲስት በደሴ

ቀዩም ባሮውም የነጩ ዘመዶች ናቸው፤ ሁሉም አሊየም በሚባለው ወገን ውስጥ ይመደባሉ። የድኝ ውሁዶቻቸው ግን ይለያያሉ። ቀይ ሽንኩርት ሲከተፍ እንባ የሚያመጣው ውሁድ ከአሊሲን የተለየ ነው፤ ከዚህም ሌላ ኩዌርሰቲን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት አለው። ወጣችን ቀይ ሽንኩርት የማይለየው መሆኑ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥቅሙ በምናበዛው ዘይት፣ ቅቤና ጨው ሊሸፈን እንደሚችል አይዘንጋ። ባሮ ሽንኩርት ለስለስ ያለ አትክልት ነው፣ በመድኃኒትነቱ ብዙ የሚባልለት የለም። ፌጦ ዝምድናው ከጎመንና ከሰናፍጭ ወገን ነው፤ ጥቁር አዝሙድም ሌላ ቤተሰብ ነው፣ የደም ግፊትንና ስኳርን በመጠኑ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች ስላሉ የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብዝቶ ከመጠቀሙ በፊት ሐኪሙን ይንገር። የተያዘ የደረት ሕመምን ያስታግሣል የሚያሰኝ ማስረጃ ያለው ግን ከአራቱ አንዱም አይደለም።

ቫልቭ የተቀየረላት

እኔ ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ። በልጅነቴ የጉሮሮ ሕመሜ በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልቤ ቫልቭ ተጎድቶ ስለነበረ በቀዶ ሕክምና ተቀይሮልኛል፤ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን በየቀኑ እወስዳለሁ። ዘመዶቼ ለልብሽ ጥሩ ነው እያሉ ነጭ ሽንኩርት በማር ያመጡልኛል፤ መመለሱም ያሳፍረኛል። ልውሰደው ወይስ ልተወው?

ፋርማሲስት በደሴ

እኅቴ፣ ጥያቄሽ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። ነጭ ሽንኩርት በውስጡ ያለው አጆኢን የተባለ ውሁድና መሰሎቹ ፕሌትሌት የሚባሉት፣ ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ይህ ጤነኛ ሰው ላይ ችግር አያመጣም፤ ዋርፋሪን፣ አስፕሪን ወይም ክሎፒዶግሬል የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ በሚወስድ ሰው ላይ ግን የመድማትን አደጋ ሊጨምር ይችላል። በወጥ ውስጥ የበሰለውን እንደ ወትሮው ብይ፤ ዋናው ነገር መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይዋዥቅ ነው። በማር የተለወሰውን ጥሬ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የሽንኩርት ክኒን ግን ከሐኪምሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትውሰጂ። የድድ መድማት፣ ያለ ምክንያት የሚወጣ ሰንበር ወይም የጠቆረ ሰገራ ካየሽ የደም መርጊያ ልኬትሽን ፈጥነሽ አስለኪ። ለዘመዶችሽ ዋርፋሪን ከዚህ ጋር አይስማማም ብለሽ በግልጽ ንገሪያቸው፤ ፍቅራቸውን መናቅ አይሆንብሽም።

ለሌሎችም፦ ቀዶ ሕክምና የተቀጠረለት ሰው ከሳምንት በፊት ጀምሮ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አብዝቶ መውሰዱን ያቁም፣ ለሐኪሙም ይናገር። ሳኪናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በነጭ ሽንኩርት ክኒን ምክንያት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ያህል እንደሚወርድ ስለ ተረጋገጠ፣ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሁሉ የሽንኩርት ክኒን ከመጀመራቸው በፊት ይጠይቁ።

እማማ ከሰኞ ገበያ

ልጄ፣ የእኔ ጎረቤቶች ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ዘፍዝፈው ለወራት መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል። እኔ አልወደውም። ይህስ እንዴት ነው?

ፋርማሲስት በደሴ

እማማ፣ አለመውደድዎ ልክ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ሆነ ጣዕሙ ላይለወጥ ይችላል። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ይሻላል፤ በዘይት የተዘጋጀ ካለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቅ።

የሆጤ ነዋሪ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሲስተርን ጽሑፍ ለአጎቴና ለእናቴ አነበብኩላቸው። አጎቴ ካንገራገሩ በኋላ ሆስፒታል ሄደናል። በተኙበት የተነሣው ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ደህና ቢሆንም፣ ሐኪሙ በዕረፍት ላይ የሚነሣ ኢሲጂ አንጃይና ባለበት ሰው ላይም ደህና ሊሆን እንደሚችል አስረድተው በዚያ ብቻ አላሰናበቱንም። ደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ፣ ስኳርም ተገኝቶባቸዋል። አስፕሪን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት፣ የግፊትና የስኳር ክኒን፣ እንዲሁም ሲይዛቸው ከምላስ ሥር የሚያደርጉት ትንሽ ክኒን ታዝዞላቸዋል። እናቴ በስኳሩ ምክንያት ማሩን አስቀርታለች፤ ነጭ ሽንኩርቱን ወጡ ውስጥ እንደ ወትሮው ትጨምራለች፣ ይህንንም ለሐኪሙ ነግረን ፈቅደውልናል። የምላስ ሥሩን ክኒን አጠቃቀም በችኮላ ስለ ተነገረን ሲስተር ቢደግሙልኝ ደስ ይለኛል።

ሲስተር ከኮምቦልቻ

ደግ አደረጋችሁ። ክኒኑ የደም ሥሮችን ፈጥኖ ስለሚያሰፋ ግፊት ያወርዳል፤ ስለዚህ አጎትዎ ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ይጠቀሙበት፣ አለበለዚያ ራሳቸውን አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ። ሳይውጡት ከምላሳቸው ሥር ይሟሟ። ትንሽ ራስ ምታት ቢሰማቸው የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው። ብርሃንና እርጥበት ስለሚያበላሸው ከመጣበት ጠቆር ያለ ጠርሙስ አውጥተው በወረቀት አይጠቅልሉት፤ ጠርሙሱን ግን ከቤት ሲወጡ በኪሳቸው ይያዙ። ለስንፈተ ወሲብ የሚሰጠውን ሲልዴናፊልን ከዚህ ጋር መውሰድ ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ስለሚጥል ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ ይህን ለእርስዎ ሊነግሩ ያፍሩ ይሆናልና ሐኪሙ ብቻቸውን ቢነግሯቸው ይሻላል። አንዱን ክኒን ወስደው በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተዋቸው ወይም ከባሰባቸው፣ ሌላ ነገር ሳትሞክሩ መኪና ጥሩ።